በመስኮቱ ሥር የተከፈተው ስፌት ቤት

ሚጡ ቤት ውስጥ አፏ ሥራ አይፈታም። ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀውን ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ለልብስ ሰፊው አባቷ የሆነውንም ያልሆነውንም ታወራለታለች። ደጅ ሲወጡ ግን ምላሷን ትውጠዋለች። ዳቦ ሻጯ «ስምሽ ማነው?» ስትላት የአባቷን ሱሪ ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች። አጸደ ሕፃናት ከገባች ወራት አልፈዋል፤ እዚያም ድምፅዋን የሰማ አልነበረም።

አባቷን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ አፉን ያልፈታ ልጅ ቆሞ የሚጠብቅ አስተማሪ ደግሞ አለ ብሎ አያምንም።

በዚያ ላይ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ አያስቀምጠውም።

«የኔዋ ፊደሉን ጨረሰች። ያንተዋስ?»

«አሸዋ ትዝቃለች።»

«ጥሩ ነው። ቤት ስትሠራ ግንበኛ አትቀጥርም።»

ልብስ ሰፊው አብሮ ሳቀ እንጂ ነገሩ ከአንጀቱ አልወጣም። ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት።

«አስወጥቼ ፊደል የሚያስቆጥሩበት አስገባታለሁ።»

«መምህርቷ ታገሱ ብላን የለ?»

«እሷ ትታገስ። እኔ ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሥራውን አቋርጦ ሄደ። መምህርቷ ቀሚሷ በቀለም የተዥጎረጎረ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

«እሺ የሚጡ አባት። ከዚያ በፊት ግን ቀስ ብለው ወደዚህ ይመልከቱ።»

በመስኮቱ ሥር አንድ ካርቶን ተደፍቶ የስፌት መኪና ሆኗል። ሚጡ ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የአንዱን ልጅ ክንድ ትለካለች። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ለክታ ስትጨርስ ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

«ስፌት ቤቱን ሰሞኑን ነው የከፈተችው» አለች መምህርቷ። «ጨርቁን አስቀመጥኩላት እንጂ ስፊ አላልኳትም። አሁን ለደንበኞቿ በጆሯቸው ትነግራለች። ቁጥሩንም እዚያው እየለካች ነው የያዘችው።»

የአባትየው ዓይን ግን ገመዱ ላይ ነበር። ልጅቱ እጅጌ የምትለካው ከክርን ጀምራ ነው። ሰፊ ነውና አላስቻለው። ዘው ብሎ ገባና «ከትከሻ ነው የሚጀመረው» ብሎ ገመዱን ከእጇ ወሰደ።

ሚጡ ከንፈሯን ገጠመች። የሚለካው ልጅ ክንዱን አወረደ። ሰልፉ መላላት ጀመረ። ጨዋታው ዓይኑ እያየ ፈረሰ፤ ያፈረሰውም እሱ ራሱ ነው። ገመዱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ደንበኛ ነዎት?» አለች መምህርቷ ከኋላው። «ሰልፉ በዚህ በኩል ነው።»

ገመዱን መልሶ አፍንጫዋ ከሚፈስ አንዲት ልጅ ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ተንበረከከ።

«ኮት ለማሰፋት ነበር።»

ሚጡ ገመዱን ዘረጋች። ከዚያ ክንዱን ያዘችና እንደገና ከክርኑ ጀመረች። ጥርሱን ነክሶ ሳያርማት ቀረ።

«የሠርግ ነው?» አለችው።

በጆሮው አልነበረም። ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

«አዎ፣ የሠርግ ነው።»

«የማን?»

«የ... የወንድሜ።»

«ወንድም የለዎትም» አለች። አንቱ እያለችው ነው።

«እንግዲያው የጎረቤቴ።»

«እሺ። ክር አልቋል፤ ነገ ይምጡ።»

በዚህ ቃል ስንቱን ደንበኛ እንደሸኘ እሱ ያውቃል። «ነገ በእርግጥ ይደርሳል?» አለ፣ ደንበኞቹ እንደሚሉት።

«መብራት ካልጠፋ።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። ስትሸኘው በሩ ላይ ዞር አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «ይሄን... እኔ አልችልም ነበር።»

«እኔ ጨርቅ ነው ያስቀመጥኩት። ታዲያ ይወስዷታል?»

«እንዴት ብዬ? ነገ ይምጡ ተብያለሁ እኮ።»

ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው፤ ሥራ ይጠብቀዋል። ቢሆንም ከመስኮቱ ውጭ ትንሽ ቆመ። ከውስጥ የሚጡ ድምፅ ለቀጣዩ ደንበኛ «እጅዎን ቀጥ ያድርጉ፤ አይሳቁ» ሲል ይሰማል። ግድግዳውን በመዳፉ ተደግፎ፣ ማንም ሳያየው፣ መምህርቷን በልቡ ደጋግሞ አመሰገነ።