አንሳ የሞተበት ባሕር

የጀልባዬ መሪ ቤንትሲ እየሰረቀኝ እንደሆነ እርግጠኛ የሆንኩት ጀልባዬን ባሕሩ ላይ ገትሮ አልገባም ሲል ነው። ሌሎቹ ሁሉ ገብተው ዓሣቸውን ያራግፋሉ። የእኔዋ ሞገዱ ከሚሰበርበት ባሻገር ቆማ ትወዛወዛለች። ባሕሩ ተኝቷል፤ ከዓሣ ማጨሻዬ የሚወጣው ጢስ እንኳ ቀጥ ብሏል።

ጀልባዋ የታላቅ ወንድሜ የአንሳ ነበረች። የሞተው ልክ እንዲህ ባለ ቀን፣ ወደ ዳር ሲገቡ ተገልብጠው ነው። የኋላውን መቅዘፊያ ይዞ የሚመራው ቤንትሲ ዋኝቶ ወጣ። ከእነሱ በፊት የገቡት በደህና ገቡ፣ ከእነሱ በኋላ የገቡትም በደህና ገቡ። ታዲያ ሞገዱ የእኔን ወንድም መርጦ ነው? ብዬ ጠየቅሁት። ሩቅ ደቡብ ነፋስ ያስነሳው ሞገድ ነፋሱን እዚያው ትቶ ይመጣል፣ ትልልቆቹ ተከታትለው ያልፉና ባሕሩ ተመልሶ ይተኛል አለኝ። አላመንኩትም። የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ግን መርምሮ ነፃ ነው ስላለ ላባርረው አልቻልኩም። መንደሩ ሁሉ ኤጃ፣ አባት፣ ይለዋል፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ቤንትሲ ብቻ ነው የምለው። የዓሣ ድርሻውንም እጁ ላይ አልሰጠውም። አሸዋው ላይ እጥልለታለሁ፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜን ኤሲልፊን አብሮት እንዲወጣና በዓይኑ እንዲከታተለው አደረግሁ። ሲሰርቅ ከተያዘ መሪነቱ የኤሲልፊ ይሆናል።

አሁን ቤንትሲ ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ባሕሩ ያያል። የሚያየው ራቅ ብሎ የመረብ ምልክት ሆኖ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ጀሪካን ነው። እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። ዓሣዬን እዚያው ባሕር ላይ ሊሸጥ ገዢ እየጠራ ነው አልኩ። ቀጥሎ ኤሲልፊ ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ቤንትሲ በክርኑ ገፍትሮ ጣለው። ይህንንም ሊገድልብኝ ነው ብዬ ሻሼን ፈትቼ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ ግቡ እያልኩ አውለበለብኩ።

ያኔ ጀሪካኑ ከፍ አለና ጠፋ። ባሕሩ ያለ ድምፅ አበጠ። ጀልባዬ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ካለችበት ግን ፈቀቅ አላለችም፤ ሞገዱ ከሥሯ አልፎ ወደ እኛ መጣ። ውሃው ሲሳሳ እግሩ መሬት ነክቶ ዘገየ፣ አናቱ ግን መሮጡን አላቆመም፣ ተደፋ። የተደፋው እኔ ኑ ብዬ የምጠራቸው ቦታ ላይ ነው። ሌላ ተከተለ፣ ከዚያ የባሰ ሌላ። ዓሣ የሚጠብቁት ሴቶች ሳፋቸውን ይዘው ሸሹ፣ እኔንም ጎትተው አወጡኝ። ከዚያ ባሕሩ ምንም እንዳላደረገ ተመልሶ ተኛ። ቤንትሲ ፊቱን ወደ ዳር አዞረና ሳይረጥቡ ገቡ።

ኤሲልፊ ከጀልባዋ ዘሎ ወረደ።

«እጁን እያነሳ ‹ቆዩ› ሲለን፣ እንግባ ብዬ ጮህኩበት» አለኝ። «እምቢ ሲለኝ መቅዘፊያውን ልነጥቀው ሄድኩ። ‹አንሳ ነጥቆኛል፣ አንተ ግን አትነጥቀኝም› ብሎ ገፈተረኝ።»

ቤንትሲ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። አጠገቡ ሄድኩ።

«ኤጃ፣ ያን ቀን መቅዘፊያውን የነጠቀዎት አንሳ ነው?»

«ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምነውም ነበር። አንሳን ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የበቆሎ ሊጥ ቅቅሉ ዶክኖ እንኳ ከቅጠሉ ተፈትቶ እስኪበርድ መጠበቅ አቅቶት አፉን የሚያቃጥል ሰው ነበር። አፈርኩ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ትልልቁን ዓሣ መርጬ በሳፋ ሞላሁና ራሴ ተሸክሜ ቤቱ ወሰድኩ። ሚስቱ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ግቢ አላለችኝም። ሳፋውን መሬት አስቀምጣ፣ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ገለበጠቻቸው፣ የለመደችውን አሸዋ ስትፈልግ።