ጭራሽ አልተመለሰም

ኪናሪ ሆስፒታል የሄደችው የቀድሞ አለቃዋን ራንቾድን ልትጠይቅ ነበር። ሽማግሌው በሕንዷ ሱራት ከተማ ባለው ፋብሪካ የመጨረሻ የሥራ ዓመታቸውን የፈጁት አንድ ስቴንት ሲነድፉ ነው፤ የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ፣ መረብ የመሰለ ቀጭን የብረት ቱቦ። ቱቦው በፊኛ ይለጠጣል፤ ፊኛው ሲወጣ ብረቱ እንደተለጠጠ መቅረት አለበት። በዚያ ጠዋት ግን ኪናሪ ስትፈትነው ብረቱ ከሚገባው በላይ መልሶ ተኮማተረ።

«እህ፣ እንዴት ሆነ ልጄ?» አሉ ራንቾድ ከትራሳቸው ቀና ብለው።

ክሳታቸውን አይታ ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው። «እንደተለጠጠ ቀረ፣ ጋሼ ራንቾድ። ጭራሽ አልተመለሰም።»

«ጭራሽ?» ትክ ብለው አዩዋት። «ተለጥጦ ትንሽ የማይመለስ ብረት የለም። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

ኪናሪ አንገቷን ደፋች። «ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

«የእኔን ደስታ ተይው። ነገ ልቡ ውስጥ ለሚገባለት ሰውም እንዲሁ ልትይው ነው? በይ እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ራንቾድ «የመረቡን ዘንጎች ወፈር አድርጊያቸው» አሉ በቀስታ።

ኪናሪ እሺ ብላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ፣ ያን የመሰለ ሰው እንደ ሕፃን ልታባብል መሞከሯ የማይለቃት ጸጸት ሆኖ ይቆረቁራት ጀመር።