ለሀያት የታረደው በግ

ብዙነሽ ሥጋ የማትበላው ሆዷን አሟት አይደለም። ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር የምትሠራበት ቤት ግን ሁሉም ሥጋ ሆዷን ያማታል ብሎ ያምናል፤ ያሳመነቻቸውም እሷው ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከአገሯ ስትወጣ ነው። ደላላው «ሙስሊም ነኝ ካልሽ ቪዛው ይፈጥናል» አላት። ማተቧን ፈትታ ለእናቷ ሰጠችና ሀያት ተብላ ሪያድ ገባች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም፣ ደጁን የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ስታማትብ እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ ነው። ሰላት ሲደርስ ክፍሏ ትገባለች፤ እዚያ ምን እንደምታደርግ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከክርስትናዋ በእጇ የቀረ ነገር ቢኖር የሙስሊም እርድ አለመብላቷ ነበር። አገር ቤት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ድንኳን ያለቅሳል፣ በአንድ ሠርግ ይጨፍራል፤ ቢላዋ ሲነሣ ግን ሁሉም ወደየራሱ ነው። ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው። ሪያድ ላይ ፋሲካን የምትፈስከውም በእንቁላል ነው።

ለምን አትበዪም ሲሏት አንድ ቀን «ሥጋ ሆዴን ያመኛል» አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የብዙነሽ ግን እያደር ከበደ።

የከበደው ክፉ ሰው አጋጥሟት ቢሆን ምን አለበት! ደግ ሰው ነው ያጋጠማት። የአሠሪዋ የሰልማን እናት፣ ቤቱ ሁሉ ማማ የሚላቸው ባልቴት፣ የሰው ሕመም ሰምተው ዝም ማለት አያውቁም። ብዙነሽ ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ ጉልበታቸውን ታሽላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በፈንታቸው ሆዷን ለማዳን ቆርጠው ተነሡ። መጀመሪያ ጥቁር አዝሙድ በማር እየለወሱ በየማለዳው አጎረሷት። ቀጥሎ ከመካ የዘምዘም ውሃ አስመጡላት፤ ብዙነሽም በልቧ ጠበል ነው ብላ ጨለጠችው። አልዳነችም። ያልታመመ ምኑ ይድናል! ሰልማን ሆስፒታል ወሰዳት፤ ሐኪሙ በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብቶ ሆዷን አየና ምንም የለባትም አለ። ማማ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐኪም ካላየው የሰው ዓይን ነው» አሉ። ዓርብ በግ ሊታረድላት፣ ሥጋው ለድሆች ሊሰጥላት፣ እሷም ከእርዱ ልትቀምስ ለአላህ ተሳሉ።

ይህን ጉድ ከቤቱ ሰው የምታውቅ አንዲት ወሎዬ ብቻ ናት፤ ምግብ አብሳይዋ ፈሪዳ። ሙስሊም ናት፣ ምሥጢሩንም እንደ ራሷ ጠብቃላታለች።

«ኧረ አንቺ እህቴ» አለቻት ሐሙስ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፈች፤ «አንድ ጉርሻ ዋጪና ድኛለሁ በይ። ኸላስ፣ ተገላገይ።»

«በእኔ ቦታ ብትሆኚ የእኛን እርድ ትበያለሽ?»

ፈሪዳ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ወላሂ አልበላም።»

«ታዲያስ!»

«እንግዲያው ንገሪያቸው።»

«የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ በሀያት ስም ነው። ሰልማን አንዴ ለፖሊስ ስልክ ካነሣ ተርሒል እስር ቤት አስገብተው በባዶ እጄ ይሸኙኛል። እየሩስን ማን ያስተምራታል?»

እየሩስ ነርስነት የምትማር ታናሽ እህቷ ናት። ፈሪዳ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ብዙነሽ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያው ላይ ወጣችና አገር ቤት ለነፍስ አባቷ ደወለች። አንሶላ ለአንሶላ መሐል ተሸሽጋ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ልብላ ወይስ አልብላ አባ? አንዱን ይበሉኝ።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሆድሽን ጠብቀሻል፤ እሰየው። አፍሽንስ ልጄ?»

የአንሶላውን ጫፍ ታጥፍ ጀመር።

«ሴትዮዋ የሚጸልዩልሽ ከልባቸው ነው?» አሉ ቄሱ።

«ከልባቸው ነው አባ። በር ላይ ሳልፍ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ።»

«የትኛውን ስም?»

ብዙነሽ «ሀያት» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ቄሱም ቆጣ አላሉም። «እኔ በቅዳሴ የማስብሽ ወለተ ሰንበት ብዬ ነው፤ በእሱ ትታወቂያለሽ» ብለው ባርከዋት ስልኩን ዘጉ። ብይም አትብይም አላሏትም። እሷም ተናደደችባቸው፤ ትእዛዝ ቢሰጧት ኃጢአቱም ጽድቁም የእሳቸው ይሆንላት ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በጉ ታርዶ መጣ። ሥጋው ተከፋፍሎ ለድሆች ሄደ፤ ጉበቱን ፈሪዳ ጠበሰችው። ኩሽና ገብተው የማያውቁት ማማ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ሳህኑን ተቀብለው፣ ጉበቱን በዳቦ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ወደ ብዙነሽ አፍ ዘረጉ።

«ቢስሚላህ በይ ልጄ። ዛሬ ትድኛለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

የማማ ፊት በተስፋ በርቷል። ብዙነሽ ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ግን ያን ፊት እያየች አንድ ጊዜ እንኳ ደግማ መዋሸት አቃታት።

«ማማ፣ ሆዴ ታሞ አያውቅም። ክርስቲያን ነኝ። እኛ ሙስሊም ያረደውን አንበላም። ስሜም ሀያት አይደለም።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ማማ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱትና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያን ሁሉ ማር» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የዘምዘሙንስ ውሃ?»

«እሱን አምኜበት ነው የጠጣሁት ማማ።»

«እኔ በየሰላቱ ጌታዬ ሆይ ሀያትን ማርልኝ እያልኩ ስጸልይ ለማን ነበር የምለምነው?»

ብዙነሽ የፈራችው ስልኩን፣ ፖሊሱን፣ ተርሒልን ነበር። ይህን ጥያቄ ግን አልጠበቀችም። ሀፍረት አንገቷን ሰበረው፤ እንባዋም መጣ። «ለእኔ ነበር» አለች።

ሰልማን ከሳሎን «ማማ፣ ምን ሆናችሁ?» ሲል ተጣራ።

«ምንም» አሉ ማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሳህኑን ወደ ፈሪዳ ገፉት። «አንቺ ብዪው።» ከዚያ ወደ ብዙነሽ ዞሩ። «ተቆጥቼብሻለሁ። ለልጄ ምን እንደምለው አላውቅም፤ ምናልባት ወደ አገርሽ እሰድሽ ይሆናል። እሱን ነገ አስብበታለሁ። አሁን የአሱር ሰላት ደርሷል። ስምሽ ማነው?»

«ብዙነሽ» ልትላቸው ነበር። ግን ቄሱ ትዝ አሏት።

«ለጸሎት ከሆነ» አለች፤ «ወለተ ሰንበት።»

ማማ አፋቸው እየተሳሰረ ደገሙት፤ አስተካከለችላቸው፤ እንደገና ደገሙት። እንዳይጠፋባቸው ስሙን እያጉተመተሙ፣ ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ወደ መስገጃቸው ሄዱ።