ተንበርክኮ የሚነበብ ውሃ

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ማሪቱ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች። ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ባሏ ኪዳኑ ከተቀበረ ሣልስቱ ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ተነስቶ ሥራ አይሠራም። እሷ ግን ከመደርደሪያው ላይ ወፍራሙን መዝገብና የመስታወት መለኪያውን አንስታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

“ሐዘኑ ነው፣ ተዋት” አለች ከጥሊሊ የመጣችው የኪዳኑ እህት ሸጋ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ግን፣ የምን ሐዘን፣ ስታለቅስ እንኳ መች አየናት ስትል አንሾካሾከች። እውነቷን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማሪቱን እንባ እምቢ ብሏታል፤ በዚህም አፍራለች።

ኪዳኑ ለሜትሮሎጂ ዝናብ ይለካ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከጓሮው በጣሳ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወቱ ይገለብጣል፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ዓይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክላል። ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ኪዳኑ ለጣሳ ይሰግዳል ተባለ። የነፍስ አባታቸው አባ ሀይለመለኮት ሳይቀሩ አንድ ቀን ጠየቁት።

“ቆሜ ካየሁት ውሃው ይዋሸኛል፣ አባቴ” አላቸው። “እግዜር ስንት እንደሰጠን እውነቱን የማየው ስንበረከክ ነው።”

አባ ስቀው ባረኩት። ማሪቱ ግን አልሳቀችም። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ሜላት በትኩሳት የሞተች ጊዜ፣ አስከሬኗ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ማሪቱ በመስኮት ብታይ ኪዳኑ ጓሮ ተንበርክኳል። በልጁ ቀብር ቀን ዝናብ የሚለካ ምን ዓይነት አባት ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን በሆዷ ይዛ አብራው ኖረች። ይቅር አላለችውም።

ልጇ ፋና ጃንጥላ ይዛ ደረሰችባት። ከቀብሩ ወዲህ ዝናቡ አላባራም፣ የለካውም የለም። ጣሳው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

“የሦስት ቀን ነው፤ ለሦስት አካፍለን እንጻፈው፣ እማዬ” አለች ፋና። “ማን ያውቃል?”

“አባትሽ ያላየውን አይጽፍም። በሐሰት መመስከር ነው ይል ነበር።”

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ያዛት። እንግዲያው የዚያን ቀን ስንት ብሎ ጻፈ? መዝገቡን ጃንጥላው ሥር ገለጠች። እያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ አለው። ሜላት የሞተችበትን ነሐሴ አገኘችው። የተቀበረችው በአሥራ ሁለት ነው፤ ከዚያ በላይም በታችም ቁጥር ሞልቷል። አሥራ ሁለት ባዶ ነው። ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ “ዘንቧል። ማየት አልቻልሁም” ይላል።

ደግማ አነበበችው። የኪዳኑ ዓይን እስኪሞት ድረስ ጤነኛ ነበር። በመስኮት ያየችው ደግሞ ጀርባውን ብቻ ነበር።

መዝገቡን ለፋና ሰጥታ ከጣሳው ወደ መስታወቱ ቀዳች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቦታ ተንበረከከች። ውሃው ዳር ዳሩን መስታወቱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ መሐሉ ዝቅ ብሏል፤ የእናቱን አንገት እንዳቀፈ ልጅ። ጠብታ ሲያርፍበት ይንቀጠቀጥና መልሶ ልክ በቦታው ይረጋል። ሰማዩ ተገልብጦ ውስጡ ገብቷል። ይህ ሁሉ ሃያ ሰባት ዓመት ከቤቷ ጀርባ ነበረ። የመቅደስ መጋረጃ ሲገለጥ የሚሰማት ፍርሃት ወረራት።

“አቤት ሥራህ” አለች ቀስ ብላ። ኪዳኑ በየጠዋቱ ማን ዘንድ ይሄድ እንደነበር ገባት።

እንባዋ ያኔ መጣ። የመስታወቱ መስመሮች ተደበላለቁ።

“ስንት ልበል?” አለች ፋና እርሳሱን ይዛ።

“ያለፉትን ሁለት ቀኖች ባዶ ተያቸው። የሦስቱም መሆኑን ዛሬ ላይ ጻፊ።”

“እሺ፣ ስንት?”

ማሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና እንደገና ዝቅ ብላ ከውሃው ጋር አስተካከለች።

“ቆይ” አለች፤ “እስኪጠራልኝ።”