«ጠፋ» የሚለው መስመር

«‹ጠፋ› ማለት ምን ማለት ነው?» አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ጣቷን ከቢጫው ወረቀት ላይ ሳታነሳ።

ልብስ ሰፊው ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ከኋላቸው የተሰለፉት ጡረተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰልፍ ብዙ ጥቅም የለውም፤ የሰው ጉዳይ መስማት ግን አንዱ ነው።

«ጠፋ ነዋ!» አለ ልብስ ሰፊው። «የጠፋ ሰው ምን ይባላል ታዲያ?»

«አባባ፣ እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። ዕቃም ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል። ወታደር መንገድ ስቶ ቢቀር ጠፋ ይባላል፤ መሣሪያውን ጥሎ ቢሄድም ጠፋ ይባላል። ኮምፒውተሩ ግን ጠፋ የሚባል ነገር አያውቅም።» ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «ሦስት ምርጫ ነው የሰጠኝ። ተማርኮ የነበረ፣ በግዳጅ ላይ ሳለ ደብዛው ጠፍቶ የነበረ፣ ኮብልሎ የነበረ። አንዱን ካልነካሁ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈኝም።»

ጠዋቱን ሙሉ ሥራቸው ቀንቷቸው ነበር። የልብስ ሰፊው አባት ስም በእሳቱ ሰ መጻፍ ሲገባው በንጉሡ ሠ ተጽፎ ተገኘ፤ ተስተካከለ። ግራ ትከሻው ላይ የቆሰለው ልብስ ሰፊ በማህደሩ ውስጥ ቀኝ ትከሻው ላይ ቆስሏል፤ ሸሚዙን ገልጦ አሳየና እሱም ተስተካከለ። የዘጠኝ ዓመት አገልግሎቱ ሰባት መስመር ነው። ችግሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። በሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ በተጋደመ ጽሕፈት፣ ቀኑ ተጽፎ «ጠፋ» ይላል። አራተኛው መስመር፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ በዚያው እጅ «ተመለሰ» ይላል።

«አባቴ ከወገን ተቆርጦ ቀርቶ ነው» አለች ልጁ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። «አሥራ አንድ ወር ጫካ ለጫካ፣ ቅጠል እየበላ።»

ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማው ኖራለች። ልብስ ሰፊው ሲያወራ የሚያቆመው ስለሌለ፣ ድሮም የመገናኛ ሬዲዮ ኦፕሬተር ስለነበረ፣ በሠራዊቱም በሰፈሩም ስሙ «ሬዲዮ» ነው። ታሪኩ ላይም በየዓመቱ አንድ ጅብ ይጨምር ነበር። አሁን ግን ሬዲዮ ጎንበስ ብሎ የኮቱን ቁልፍ ያሻሻል።

«እኔም እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች ሠራተኛዋ። «የጊዜው አዛዥ በጽሑፍ ያረጋግጥልኝና ሁለተኛውን እነካለሁ። ኮብልሎ የነበረ ከሆነ ግን ልታሳድሱ የመጣችሁት የጡረታ መታወቂያ አይታደስም። ቦርድ እስኪያየው ይታገዳል።»

«እኔ ቦርድ ስጠብቅ ነው የሸበትኩት» አለ ከሰልፉ አንድ ድምፅ።

መታወቂያው ካልታደሰ የጦር ኃይሉ ሆስፒታል አይቀበለውም። የግራ ዓይኑ ሞራ ባለፈው ዓመት ተነሥቶለታል፤ የቀኙ ቀጠሮ ወሩ በገባ በሃያ ነው። የግሉን ሆስፒታል ዋጋ ጠይቀው፣ ሰምተው፣ አመስግነው ወጥተዋል። ባለፈው ወር የአንድ መምህር ሱሪ ሲሰፋ አንዱን እግር ከሌላው በሁለት ጣት አሳጥሮ አስረክቧል። መምህሩ ትሁት ሰው ነበርና ምንም አላለም፤ ሌላ ልብስ ግን አላመጣም።

«አዛዡ በሕይወት አሉ» አለች ልጁ። «ዛሬውኑ ሄደን እናመጣለን።»

«ጎሽ። የሚገርመው ደግሞ ይህን ጽሕፈት ሰኞ ዕለትም አይቼዋለሁ።» ሠራተኛዋ ከአጠገቧ ካለው ክምር አንድ ማህደር መዘዘች። «ያው ክፍል፣ ያው ቀን፣ ያው ‹ጠፋ›። ይኼኛው ግን ‹ተመለሰ› የሚል የለውም። የስንቅ ክፍል ወታደር ነው። እኅቱ ናቸው የሚመላለሱት። ያውቁት ይሆን?»

ልብስ ሰፊው ማህደሩን አላየውም። «ብዙ ሰው ነበርን» አለ።

«የእሱ ከባድ ነው። ላልተመለሰ ሰው የአዛዥ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ሞቱን ያየ፣ ቦታውን የሚናገር ምስክር ያስፈልጋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ ኮብላይ ተብሎ ይዘጋል።» ማህደሩን ወደ ክምሩ መለሰችው። «እሳቸውማ ቦታውን ብቻ ንገሩኝ ነው የሚሉት። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ወንድምሽ ሰው አገር ሚስት አግብቶ ይኖራል› ይላቸዋል አሉ።»

ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ልጁ በክርኗ ነካ አደረገችው።

«አባዬ፣ ባትሪህ አለቀ እንዴ?»

«ፀሐዩ ነው» አለ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር።

ሻምበሉ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ተቀምጠዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ግን አልደከመም፤ የበሩን መንኳኳት ሰምተው «ሬዲዮ ነህ፤ ግባ!» አሉ። ጉዳዩን ልጅቷ ስታስረዳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ሠራተኛዋ የመታወቂያቸውን ግልባጭ ስለምትፈልግ፣ መታወቂያቸውን ለልጅቷ ሰጧትና እሷ ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ሻምበሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳቡ።

«አንቴና ሊያስተካክል ወጥቶ ደብዛው ጠፋ፣ ብዬ እጽፍልሃለሁ። በሰማንያ ዓመቴ ውሸት አልጀምርም፤ ይኼኛውን ግን ያኔ ጀምሬዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ።»

«ያኔ ኮበለለ ብዬ ብጽፍ ይረሽኑህ ነበር። ተማረከ ብል ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ ሲመረምሩህ ትኖር ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠፋ አልኩ። ቋንቋችን ደግ ነው፤ ለሰው መደበቂያ አያሳጣም።»

መጻፍ ጀመሩ። ፊደላቸው ዛሬም ወደ ቀኝ ይጋደማል።

«የቆርኪስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

እስክሪብቶው ቆመ። በቁመቱ ማነስ ቆርኪ ይሉት የነበረው የስንቅ ክፍሉ ወታደር ስሙ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

«ያንን ከሃዲ ምን አስታወሰህ?» አሉ ሻምበሉ። «እኔ ነኝ የላክሁት። ጥለህ መሄድህን እንደሰማሁ ጠራሁትና፣ ‹ወዳጅህ ነው፣ አንተን ይሰማሃል፤ ሰው ሳያውቅ መልሰህ አምጣልኝ› አልኩት። ሁለታችሁም ስትቀሩ አሳምነኸው አብራችሁ ሄዳችሁ አልኩ። እንጀራ በበላሁ ቁጥር ረግሜዋለሁ።»

«አብሮኝ አልሄደም፣ ጌታዬ።»

ቀጥሎ የተናገረውን አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ወሬ የሚወድ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያወራው ይህችን ላለማውራት ሳይሆን አይቀርም። ፈርቶ ነበር። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረውም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሬዲዮውን ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጦ በጠራራ ፀሐይ ወደ ከተማው መንገድ ጀመረ። አራት ሰዓት ከተጓዘ በኋላ ደረቁ ወንዝ ላይ ካለው የድንጋይ ድልድይ ሲደርስ ከኋላው ስሙን ሲጠሩት ሰማ። ድልድዩ ሥር ገብቶ ተኛ። ቆርኪ ከራሱ በላይ እየተራመደ «ሬዲዮ፣ ና ግድ የለም፣ ሻምበሉ አይቆጡህም» ሲል ይሰማዋል። ድልድዩን ተሻገረ። ከዚያ ፈንጂው ጮኸ፤ ማን መቼ እንደቀበረው አይታወቅም። ልብስ ሰፊው ሲወጣ ጓደኛው ሞቷል። ድንጋይ ሰብስቦ ከመረበትና መንገዱን ቀጠለ። አሥራ አንድ ወር ጡብ ፋብሪካ ሠራ። ሕሊናው እንቅልፍ ሲነሣው ተመለሰ፤ ሻምበሉም ሬዲዮ የሚነካ ሰው አጥተው ስለነበር ምንም ሳይጠይቁ ተቀበሉት።

ሻምበሉ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደሙት።

«አንድ ጊዜ አቤት ብትለው ኖሮ» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ድልድዩ ከምሽጋችን በስተኋላ ነው።»

«አዎ።»

«አንቴና ሊያስተካክል እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው የለም። ስንቅም በዚያ አያልፍም። እኔ መላኩን እንጂ መሞቱን አላየሁም። አንተ ደግሞ የእሱን ቦታ ካሳየህ ራስህን አሳየህ ማለት ነው።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡት። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ ነበር አባቴ። ዓይንህ መቼ ነው?»

«በሃያ።»

ሻምበሉ ደብዳቤውን ጨረሱና ፈረሙ። «ይኸው፣ የእኔን ጽፌያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ያንተ ነው» አሉ።

ልጅቷ ግልባጩን ይዛ ስትመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ። ወታደሮች ሲገናኙ እንዲህ ነው ብላ አለፈችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱ ተመለሱ። ሠራተኛዋ ደብዳቤውን አነበበች፤ ፊቷ ፈካ።

«በቃ፣ አለቀልን። አባባ፣ ሁለተኛውን ልንካው?»

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ።»

«ምን ቀረ?» አለች ልጁ ሰዓቷን እያየች።

ልብስ ሰፊው ሁለት እጁን የሠራተኛዋ መስኮት ደፍ ላይ አሳረፈ። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ለእሱ ሦስት ጥቁር ጭረቶች ናቸው። የቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠው፤ ለውጥ የለውም።

«ያ የስንቅ ክፍሉ ልጅ» አለ። «ለእሱ የሚሞላው የምስክር ቅጽ አለሽ?»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችው። አንድ ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ ሰጠችው። እሱ ለልጁ አሳለፈው፤ እንዲህ ደቃቅ ጽሑፍ የምታነብለትም የምትጽፍለትም እሷ ናት። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ቅጹን ጉልበቷ ላይ በቦርሳዋ ደግፋ የእሱን ስም፣ አድራሻና ስልክ በፍጥነት ሞላች። የቸኮለች ይመስላል፤ መልካም ሥራ ነው ብላ ደግሞ ደስ ብሏታል።

«አውቀኸው ነው ታዲያ ጠዋት ዝም ያልከው?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ከሟች ጋር ያለዎት ግንኙነት፣ ይላል። ምን ልበል? ጓደኛ?»

«ሊመልሰኝ የተላከ ሰው፣ በይ።»

«ሊመልሰኝ» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። «ከየት?»

«ከኮበለልኩበት።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ፊቷን አዙራ ትክ ብላ አየችው፤ እሱ ወለሉን ያያል። በመጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ቀጥሎም ንዴት ነው። በልጅነቷ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቆማ ስለ አባቷ የተናገረችውን ሁሉ፣ ያጨበጨቡላትን ልጆች ጭምር አስታወሰች።

«ጫካውስ?» አለች።

«ጡብ ፋብሪካ ነው የነበርኩት።»

«ለእኔ እንኳ፣ አባዬ?»

«አንቺን ነው የባሰ ያፈርኩት።»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አሁን የማይሰሙ መስለው በደንብ ይሰማሉ። ሠራተኛዋ ከመስኮቱ ኋላ ሆና ምንም አልነካችም።

«ዓይንህስ?» አለች ልጁ።

«አንዱ አለልኝ። እሱም ቢሆን የሟቹ እህት የምትጠይቀውን ቦታ አይቶታል።»

ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና የሻምበሉን ደብዳቤ እንድትመልስለት ሠራተኛዋን ለመናት። መለሰችለት። ለአራት አጥፎ ከኮቱ ኪስ ከተተው።

«ሦስተኛውን ንኪው፣ ልጄ» አለ። «ደግሞ የእህቲቱን ስልክ ጻፊልኝ።»

ሲመለስ ልጁ ከነበረችበት አልተነሣችም። እሷ ብትሄድ ኖሮ አይፈርድባትም ነበር። እስክሪብቶውን አንሥታ «የተላከ ሰው» የሚለውን ጨረሰችና ቀጣዩን ጥያቄ አነበበች።

«ሞቱ የደረሰበት ቦታና ሁኔታ፣ ይላል» አለች፣ ሳታየው። «ቀስ እያልክ ንገረኝ፤ ልጽፈው ነው።»

ከድልድዩ ጀመረላት። ቅጹ ላይ የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ነበር፤ አልበቃትም፤ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ቀጠለች።