ስህተቱ የብስክሌቱ ነው

የእህቴ ባል ብስክሌት መንዳት አይችልም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ እሱ ራሱ በኩራት የሚናገረው ነው። «የሚነዳ ሰው የሚያየው መንገዱን ነው፤ እኔ የማየው ብስክሌቱን ነው» ይላል። ይህም ቢሆን ልክ አይደለም። የሚያየው ወረቀቱን ነው። የሚሰበስበው ከድሮ ብስክሌቶች ጋር ይሰጡ የነበሩ መመሪያዎችን ነው፤ ካቴና እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ፍሬን እንዴት እንደሚስተካከል የሚያስረዱ፣ ገዢው አንዴ ገልጦ መሳቢያ ውስጥ የሚወረውራቸው ቀጫጭን መጻሕፍት። ሰፈሩ «ማኑዋል» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሲጠሩት አቤት ይላል።

መመሪያዎቹ ሳሎኑን ሞልተው መኝታ ቤት ገብተዋል። እህቴ ልብሷን የምታስቀምጠው እኔ ክፍል ነው። እኔ ለጥቂት ቀን ብዬ መጥቼ የቀረሁ ወንድሟ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ አፍ የለኝም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሽፋን የሌለውን ነው። ፊቱም ኋላውም ተገንጥሎ ጠፍቷል። ስም የለው፣ ዓመት የለው፣ የፋብሪካ ምልክት የለው። እሱም የሚፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ስሙ የተጻፈበትንማ ማንም ያውቀዋል። በፊደሉ ቅርጽ፣ በስፌቱ ሽቦ ዝገት፣ በወረቀቱ ሽታ፣ በሥዕሉ ላይ ባለው ፍሬን እየተመራ የየትኛው ብስክሌት መመሪያ እንደሆነ ደረሰበት፤ ቢያንስ ደረስኩበት አለ። ከዚያ ሥዕሉን የሚመስል ብስክሌት ከብረታ ብረት ነጋዴ ገዝቶ ኮሪደሩ ላይ አቆመና አንሶላ አለበሰው። እኛ በጎን በጎን እየተሽሎኮለክን እናልፋለን።

«ምስክር ነው» አለን። «ምስክር አይነካም።»

ነገር የመጣው አውቶቡሱ የቀረ ጊዜ ነው። እህቴ የምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከከተማው ዳር ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው መስመር ተሳፋሪ አነሰው ተብሎ ተሰረዘ። በእግሯ መሄድ ጀመረች። ማርፈድም ጀመረች። አለቃዋ ጨዋ ሴት ናት፤ «እናቴ፣ ድጋሚ ካረፈድሽ ስፌት መኪናሽ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለሽ» ብላ ረጋ ብላ ነገረቻት።

«ያንን ሳይክል ስጠኝ» አለችው ባሏን፣ ምሳ ላይ።

«የቱን?»

«ስንት አለን?»

«እሱ እኮ ሳይክል አይደለም። ማስረጃ ነው።»

«ማስረጃው ጎማ አለው አይደል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሙዚየም ገብቶ የንጉሡ አልጋ ላይ ይተኛል?»

«ሥራዬን ልልቀቅልህ?»

«ማን ልቀቂ አለሽ? ቀደም ብለሽ ተነሺ እንጂ።»

እህቴ ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እሷ ዝም ስትል የሚፈራት ሰው በዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ።

በዕረፍት ቀኗ፣ ባሏ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ፣ አንሶላውን ገፈፈችው። የፊት ፍሬኑን የሚጎትተው የብረት ዘንግ በዝገት አልቆ ስትነካው እጇ ላይ ተሰበረ። ከሳይክል ጠጋኙ ዘንድ ባለ ሽቦ ፍሬን አመጣችና ራሷ ገጠመችው። ካቴናውን በስፌት መኪና ዘይት ስታጥብ፣ እንዴት እንደሚወጠር ከየት እንዳነበበች መገመት አያቅትም። ያንን መመሪያ እንደ መመሪያ የተጠቀመበት ሰው ከብዙ ዘመን ወዲህ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ልምምድ ሆነ፤ እኔ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ፤ ባሏ ሳይመለስ አንሶላውን መልሰን እናለብሰዋለን።

«ያዝ! ያዝ እንጂ! አሁን ልቀቅ! ማነው ልቀቅ ያለህ?»

«አንቺ!»

«ዝም ብለህ ሩጥ!»

በሳምንቱ የእህቴ ባል ከሳሎኑ ጮኸ። ቤት የተቃጠለ መስሎኝ ሮጥኩ። መመሪያውን በሁለት እጁ እንደ አራስ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። የፍሬኑ ሥዕል ባለበት ገጽ ጥግ የዘይት አውራ ጣት አርፏል።

«ፋብሪካው ውስጥ የነበረ መካኒክ ነው» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ብስክሌቱን ሲፈትን ገጹን በጣቱ ይዞ… ይታይሃል?»

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር በፊት ነበር?»

«ኖሯል። ዓይኔ ነው ያልደረሰበት።»

ማኅበሩን ጠራ። የሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሁለት የማይሻሩ ሕጎች አሉት። አንደኛው፣ የቤተሰብ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ይህ የወጣው የአንድ አባል አማት፣ አባሉ የጥንት ነው ሲል ሰው ፊት ያቀረበውን መመሪያ «ይሄንንማ አምና ነው የገዛነው» ካሉ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ መመሪያውና ብስክሌቱ ካልተስማሙ ስህተቱ የብስክሌቱ ነው።

ቅዳሜ መጡ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ገጹን አሸተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ቀጭን ዘይት» አሉ። «ዛሬ እንዲህ ያለ ዘይት የለም።»

ለሌላው አባል፣ ለጂኦግራፊ መምህሩ አቀበሉት። መምህሩ አሸተተና «ባሕር ማዶ» አለ። ሁሉንም ነገር ባሕር ማዶ ነው የሚለው።

«ጣቱ ትንሽ ነው» አለ የእህቴ ባል። «ቀጠን ያለ ሰው ነበር።»

«ታታሪ» አሉ ሐኪሙ።

«ባለ ትዳር» አለ መምህሩ፤ ከምን እንዳወቀው አልተናገረም።

እህቴ የሥራ ሽርጧን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። የከሰዓት ፈረቃዋ ሊደርስ ነው፤ በእግሯ ብትሄድ እንደማትደርስ ከሰዓቱ ላይ ያልተነቀለው ዓይኗ ይናገራል።

«የኔ ጣት ነው» አለች። «የስፌት መኪና ዘይት ነው።»

ሐኪሙ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ በሽተኛ የተናገራቸው ያህል በርኅራኄ አዩዋት። «የኔ እመቤት፣ ለባልዎ አስበው እንደሆነ ይገባናል። ግን የቤተሰብ ቃል አንቀበልም።»

እህቴ ከጓዳ ዘይቱን አምጥታ አውራ ጣቷን ነከረችና ከአሮጌው አጠገብ አተመችው። የእህቴ ባል በሞት አፋፍ እንዳለ ሰው አቃሰተ። ሦስቱም አጎነበሱ። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ናቸው።

«ይገርማል» አለ መምህሩ። «መካኒኩ የሴት ጣት ነው የነበረው።»

«ሁለተኛው ሐሰተኛ ነው» አሉ ሐኪሙ። «ሆኖም የፊተኛውን እውነተኛነት አጉልቶልናል፤ እናመሰግናለን። አሁን ብስክሌቱን እንይ።»

አንሶላው ተነሣ። በሥዕሉ ላይ ፍሬኑ ባለ ብረት ዘንግ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ባለ ሽቦ ነው፣ ያውም አዲስ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ሐኪሙ።

የእህቴ ባል ፊት ሲቀላ፣ ሲጠቁር፣ ከዚያም አመድ ሲመስል አየሁ። ዞሮ እህቴን አያት። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። ሚስቴ ነካክታው ነው እንዳይል፣ ሚስቱ ፍሬኑን ከነካች ጣቱም የሷ ነው። ሚስቴ አልነካችውም ካለ ደግሞ ብስክሌቱ ውሸታም ነው። እህቴም ጭንቀቱን አየችና፣ ያንን ደግነት የሚመስል ድምጿን አወጣች።

«ምናልባት ቀድሞውንም ሌላ ብስክሌት ይሆን?»

«ሌላ ነው!» አለ ባሏ፤ እንደሚሰምጥ ሰው ቃሏ ላይ ተንጠለጠለ። «ነጋዴው አታሎኝ ነው። ቅራቅንቦ ነው!»

«ከመመሪያው ጋር አይገናኝም?»

«በምንም!»

«ማስረጃም አይደለም?»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«እንግዲያው ልውሰደው።»

ማኅበሩ ያየዋል።

«ውሰጂው» አለ፤ ድምፁ ከእግሩ ሥር የመጣ ይመስላል።

«ትክክለኛ ውሳኔ ነው» አሉ ሐኪሙ። «እንዲህ ያለ ነገር ስብስብን ያረክሳል።»

በሩን ከፈትኩላት። ደጁ ላይ ሁለቴ ተንገዳገደች፤ አንድ ተሸካሚ ከነሸክሙ ወደ ቦይ ዘለለና የማይጻፍ ነገር ተናገራት። ቀጥ አለች። ወደ ዳሩ የሚወስደውን ቁልቁለት ስትይዝ ሽርጧ ከኋላዋ ተነፋ።

ሳሎን ስመለስ፣ መካኒኩ ግራኝ ነበር ወይስ ቀኝ የሚለው ላይ ደርሰዋል።

«መስኮቱን ዝጉት እባካችሁ» አሉ ሐኪሙ፤ «ንፋሱ ገጹን እያነሣብን ነው።»

የእህቴ ባል ተነሣ። መስኮቱ ጋ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ፣ አንገቱን ወደ ቁልቁለቱ አስግጎ። ከዚያ ዘጋውና ተመልሶ «ቀኝ ነው» አለ።