የሾፌሩ እንቅልፍ

አዳራሽ ሙሉ ሰው በባሏ ሲስቅ የሰማች ሴት አትረሳም። ስንት ዓመት አልፎ፣ ባሏም ሞቶ፣ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም። ያሳቀው ዶክተር ለቅሶ ሊደርስ ሲገባ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እግዜር ያጥናዎት» አለ ጎንበስ ብሎ።

ፊቷን አዞረችበት።

ታናሽ እህቷ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «ተይ እንጂ እትዬ፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው» አለቻት።

«በማን ትከሻ ላይ ወጥቶ ነው የተለቀው?»

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቀን ዝንብ አይነካም፤ ሲተኛ ግን ይራገጣል፣ ይማታል። ዓይኗ በልዞ ስትወጣ ጎረቤቱ «ይደበድባታል» አለ። «በእንቅልፉ ነው» ብትል ማን ይመናት? እሱም አፍሮ ወገቡን በቀበቶ ከአልጋው ጋር እያሰረ መተኛት ጀመረ።

ይህ ዶክተር፣ የእንቅልፍ ተመራማሪው፣ የመጣው ያኔ ነው። ሾፌሩን ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ አስተኛው፣ በፊልም ቀረጸው። «ሰው ህልም ሲያይ አንጎሉ ገላውን አስሮ ይይዘዋል። የአንተ ማሰሪያ ላልቷል» አለው። መድኃኒትም ሰጠው፤ ይህን አትክድም። በኋላ ግን ሁለቱንም ጋብዞ ፊልሙን አዳራሽ ውስጥ አሳየ። ሾፌሩ አየሩን ሲረግጥ፣ «እዚህ ጋ ፍሬን በጠሰ!» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እራት ሳይቀምስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አሁን ዶክተሩ አጠገቧ ተቀምጧል።

«በዚህ ጥናት ልሸለም ነው። ፊልሙን ላሳይ ብል ግን፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ፈቃዱ የእርስዎ ነው።»

«ይዘኸዋል?»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ።»

«እዚሁ አሳየና። ጎረቤቶቼም ይዩት።»

ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተ፤ ለቀስተኛው ወንበሩን አስጠጋ። ሾፌሩ ተኝቶ ታየ፤ እግሩ ተወራጨ።

«እዚህ ጋ ፍሬን...» አለ ዶክተሩ በልማዱ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ማንም አልሳቀም።

«ድምፁስ?» አለች።

«ድምፁን አንጠቀምበትም፤ ለጥናቱ...»

«ክፈተው አልኩህ!»

ከፈተው።

«ልቀቋት! ሚስቴን አትንኳት! እሷን ተዉና እኔን ምቱኝ!» ሾፌሩ በተዘጋ ዓይኑ ቡጢውን ይወረውራል።

እሷ ይህን ስንት ሌሊት ሰምታዋለች። ያልሰማው አዳራሹና ጎረቤቱ ነው። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አቀረቀሩ።

«ሰማችሁ?» አለቻቸው። «ሲደበድበኝ ሰማችሁ?» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «አሁን አጥፋው።»

«እማማ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም! የዕድሜዬ ሥራ...»

«ፈቃዱ የማን ነው አልከኝ?»

ዶክተሩ ለቀስተኛውን ቃኘ፤ የሚያግዘው ፊት አጣ። «ድምፃቸውም አብሮ ነው የሚጠፋው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

እህቷ ክንዷን ያዘቻት። «እትዬ፣ ድምፁን እንኳ አስቀሪው! ሌላ ምን አለሽ?»

ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«የቱን ነው የምጫነው?»

አሳያት። ተጫነችው። ዶክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ እሷ ግን አላየችውም። በቀሚሷ እጅጌ ኮምፒውተሩ ላይ የባሏ ፊት የነበረበትን ቦታ፣ ላብ እንደምትጠርግለት ሁሉ፣ ቀስ አድርጋ ዳበሰችው።